አምስተኛው ጨዋታ ያልተካሄደበት የውድድር ዘመን፦ የሃምቦልት ብሮንኮስ ጉዳይ

የካናዳዋ የሳስካቹዋን ክፍለ ግዛት የወጣቶች አይስ ሆኪ ሊግ በ2017–18 የውድድር ዘመን አሥራ ሁለት ቡድኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ቡድን 58 መደበኛ ጨዋታ ያደርግ ነበር፤ ግማሹ ከሜዳ ውጭ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሊጉ ቡድኖች ተራርቀው የተበተኑ ናቸው፦ ላ ሮንጅ በሰሜኑ ጫካ ውስጥ፣ ኤስተቫን በደቡብ ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ፣ ፍሊን ፍሎን ደግሞ ጭራሽ የክፍለ ግዛቱን ድንበር ተሻግሮ ማኒቶባ ውስጥ። ስለዚህ ተጫዋቹ ከበረዶው ሜዳ በፊት አውቶቡስ ነው የሚገባው። በክረምት፣ ብዙ ጊዜም በጨለማ፣ አንድ መስመር ለመሄጃ አንድ መስመር ለመመለሻ ባለው የገጠር መንገድ ለሰዓታት ይጓዛል። ስለ ሊጉ ሲጻፍ ስለ ጎልና ስለ ግብ ጠባቂ ብዙ ይባላል፤ ስለ መንገዱ ግን፣ በ2018 በሃምቦልት ብሮንኮስ አውቶቡስ ላይ አደጋ እስኪደርስ ድረስ፣ ብዙም የሚባል አልነበረም።

ተጫዋቾቹ ከ16 እስከ 21 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። አብዛኞቹ ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ የአካባቢው ቤተሰቦች ተቀብለው እንደ ልጃቸው ያኖሯቸዋል። የብዙዎቹ ግብ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋችነትና አብሮት የሚገኘው የትምህርት ዕድል ነው፤ እስከ ትልቁ ሊግ የሚዘልቁት ጥቂቶች ናቸው።

ሃምቦልት ከሳስካቱን በስተምሥራቅ የምትገኝ ወደ ስድስት ሺህ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ብሮንኮስ የሚባለው ቡድኗ በ1970 ተመሠረተ፤ ባለቤቱ ባለሀብት ሳይሆን የከተማው ማኅበረሰብ ነው፣ ትርፍም አይከፋፈልበትም። ለእንዲህ ያለች ከተማ ቡድን በ2003 እና በ2008 የካናዳ የጁኒየር ኤ (ይህ ሊግ ያለበት የወጣቶች ደረጃ) ሻምፒዮን መሆን ትልቅ ነገር ነው። በ2018 ጸደይ ቡድኑ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ከኒፓዊን ሆክስ ጋር ተገናኘ። ሰባት ጨዋታ ከሚፈቅደው ምዕራፍ አራቱን ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። አራተኛው ጨዋታ ሃምቦልት ላይ እስከ ሦስተኛው ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ዘልቆ ኒፓዊን አሸነፈ፤ በጨዋታ ድል ኒፓዊን 3 ለ 1 መራ። አምስተኛው ጨዋታ ዓርብ አፕሪል 6 ኒፓዊን ላይ ነበር። ለሃምቦልት ልጆች ወይ ማሸነፍ ወይ ዘመኑን መዝጋት ነው።

መስቀለኛው መንገድ

አውቶቡሱ በ35 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር፤ ከቲስዴል አልፎ፣ ወደ ኒፓዊን ተጠግቷል። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ 335 ቁጥር መንገድ ከ35 ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚመጣ ባለሁለት ተሳቢ ከባድ መኪና መስቀለኛውን ሳይቆም ገባ። የጫነው ፒት ሞስ የተባለ ለአትክልት የሚሆን የረግረግ አፈር ነበር። የፖሊስ ባለሙያዎች ባወጡት ስሌት ከባድ መኪናው በሰዓት ከ86 እስከ 96 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር፤ ፍሬን አልያዘም። የአውቶቡሱ ሾፌር ፍሬን ይዟል፣ ነገር ግን መኪናው ሙሉ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር መሄጃ አልነበረውም። አውቶቡሱ ከ96 እስከ 107 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ከፊተኛው ተሳቢ ጋር ተጋጨ።

በአውቶቡሱ ውስጥ 29 ሰዎች ነበሩ። 16ቱ ሞቱ፦ አሥር ተጫዋቾች፣ ዋና አሠልጣኙ ዳርሲ ሆገን፣ ረዳቱ፣ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ፣ ሾፌሩ፣ የሬዲዮ ዘጋቢውና የጨዋታ ስታቲስቲክስ የሚይዘው ወጣት። የሕክምና ባለሙያዋ ያረፈችው ከአምስት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የተረፉት 13 ሁሉም ተጫዋቾች ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ በሽባነትና በከባድ የአንጎል ጉዳት የሚኖሩ አሉ።

የከባድ መኪናው ሾፌር አልጠጣም፣ ስልክም አልያዘም ነበር። ይህ ነጥብ ጉዳዩን ከተለመደው የአደጋ ታሪክ ይለየዋል። ታዲያ ምን እያደረገ ነበር? ፍርድ ቤት የቀረበው ማብራሪያ ይህ ነው፦ ጭነቱን የሸፈነው ሸራ ተፈትቶ በነፋስ ይርገበገብ ነበር። ቀደም ብሎ ቆሞ አስሮት ነበር። እንደገና ሲነሳበት ዓይኑ በኋላ መመልከቻው መስታወት ላይ ቀረ። በዚያ መሐል መስቀለኛው መኖሩን የሚያስጠነቅቁ አራት ምልክቶችን አለፈ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከተለመደው የሚበልጥ፣ ቀይ መብራት የሚያበራ የቁም ምልክት ነበር። አንድ ምልክት መሳት ለማንም ይደርሳል። አምስቱን በተከታታይ መሳት ግን የአፍታ መዘናጋት ሊባል አይችልም፤ በዚያ ፍጥነት ብዙ ሴኮንዶች ናቸው። የቅጣቱም ክርክር የዞረው በዚህ ዙሪያ ነበር።

በጃንዋሪ 2019 ሾፌሩ በ29ኙም ክሶች ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። ዐቃቤ ሕግ አሥር ዓመት ጠየቀ፤ የሜልፎርት ከተማ ችሎት ማርች 22 ቀን 2019 ስምንት ዓመት ፈረደ። የቀድሞ ወንጀል ለሌለበት፣ ላልጠጣ፣ ራሱም ጥፋቱን ላመነ ሰው ይህ በካናዳ ከባድ ቅጣት ነው። በሌላ በኩል በሟች ቁጥር ቢካፈል በሰው ስድስት ወር ነው የሚሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የራሳቸው እውነት አላቸው። የካናዳ ቋሚ ነዋሪ እንጂ ዜጋ ስላልነበረ በ2024 ከሀገር እንዲወጣ ተወሰነበት፤ በዚህም የሟች ቤተሰቦች ለሁለት ተከፈሉ፣ ይቅር ብለውት ይቆይ ያሉም ነበሩ።

ከሾፌሩ ጀርባ

ጉዳዩን በሾፌሩ ላይ ብቻ መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበው ሌላ ሰነድ የበለጠ ያነጋግራል እላለሁ። ከአደጋው በፊት የነበሩትን 11 ቀናት የመረመሩ የክፍለ ግዛቱ ባለሙያዎች በሾፌሩ የሥራ ሰዓት መዝገብና በመኪና ፍተሻ ደንብ ላይ 70 ጥሰቶችን ቆጠሩ። በዚያው ቀን አንድ ተቆጣጣሪ አስቁሞ መዝገቡን ቢያይ ኖሮ ሾፌሩ ለ72 ሰዓት ከመንገድ ይታገድ እንደነበር ጻፉ። ማንም አላስቆመውም።

ሰውየው ሥራውን ከጀመረ ገና ሳምንታት ነበሩ። ሁለት ሳምንት ያህል ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ነድቶ ብቻውን እንዲነዳ ተለቀቀ። ይህ ሕግ መጣስ አልነበረም፤ ሳስካቹዋን ውስጥ በዚያን ጊዜ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ፈተና ማለፍ እንጂ የግዴታ የሥልጠና ሰዓት አልነበረም። ኦንታሪዮ በጁላይ 2017 ቢያንስ 103.5 ሰዓት ሥልጠና አስገድዳ ነበር። ምዕራቦቹ ክፍለ ግዛቶች ግን ገና እያሰቡ ነበር። የመኪናው ባለንብረት ድርጅት የአልበርታዋ ከተማ የካልጋሪ ሲሆን፣ ባለቤቱ የሰዓት መዝገብ ደንብ በመጣሱ 5,000 ዶላር ተቀጣ። አሥራ ስድስት ሰው በሞተበት ጉዳይ አምስት ሺህ ዶላር፤ ቤተሰቦቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው ለመገመት አይከብድም።

መስቀለኛው ራሱም ታሪክ ነበረው። በ1997 እዚያው ቦታ ስድስት ሰዎች ሞተው ነበር። ከአደጋው በኋላ ክፍለ ግዛቱ ያስጠናው የምሕንድስና ግምገማ በዲሴምበር 2018 ሲወጣ አሥራ ሦስት ምክሮች ይዞ መጣ። ከሁሉ ዋናው በመስቀለኛው ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን፣ አብዛኛው በግል መሬት ላይ፣ የበቀሉት ዛፎች ናቸው፤ ከደቡብና ከምሥራቅ የሚመጡ ሾፌሮች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይጋርዳሉ። የቁም ምልክት ላለበት ሰው ዛፉ ምክንያት አይሆንም፤ መቆም አለበት። ቅድሚያ ላለው ግን ልዩነት አለው፣ የሌላውን ስህተት ቀድሞ የሚያይበት ዕድል በዛፉ ይጠብበታል። ምክሮቹ ዛፎቹን ማንሳትን፣ ጎማ ሲያልፍበት መኪናውን የሚያንቀጠቅጥ የተቦረቦረ አስፋልትንና መንገዱ ላይ በቀለም የሚጻፍ ማስጠንቀቂያን ይጨምራሉ። መስታወት ላይ ለተተከለ ዓይን ከስንት ምልክት ይልቅ መሪውን የሚያንቀጠቅጥ አስፋልት ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ርካሽም ነው።

እዚህ ላይ የሚታየው የእያንዳንዱ ወገን ግምት ነው። ቡድኑ አውቶቡስ ሲከራይ መንገዱን ክፍለ ግዛቱ አይቶታል ብሎ ያስባል። ክፍለ ግዛቱ ሾፌሩን ድርጅቱ አሠልጥኖታል ይላል። ድርጅቱ ደግሞ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ነው ይላል። ሁሉም ሌላው አጣርቷል ብሎ በተወው ቦታ ነው ሸራው የተፈታው።

የፀጉሩ ቀለም

በአደጋው ማግስት ሌላ ነገር ደረሰ። የፕሌይኦፍ (ከመደበኛ ጨዋታዎች በኋላ የሚመጣው የጥሎ ማለፍ ውድድር) ልማድ ሆኖ ልጆቹ ፀጉራቸውን በጅምላ ወርቃማ ቢጫ ተቀብተው ነበር። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ፣ ቁመናቸው የስፖርተኛ፣ ፊታቸው የተጎዳ፣ ፀጉራቸው አንድ ዓይነት። የአስከሬን መርማሪ ጽሕፈት ቤት ሁለቱን ልጆች አቀያየረ፤ አንዱ ቤተሰብ ልጁ ሞቷል ተብሎ ሲያለቅስ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ ሌላው ደግሞ የሰው ልጅ እያስታመመ የራሱ ልጅ ሞቶ ነበር። ስህተቱ በይፋ የታረመው ሰኞ አፕሪል 9 ነው። በአንዱ ቤት ልቅሶው ተቋረጠ፣ በሌላው ቤት ተጀመረ።

ጽሕፈት ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ የወጣው የክፍለ ግዛቱ የአስከሬን መርማሪ ሪፖርት ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ማንነት እንዴት እንደሚጣራ ነበር፤ ከዚያ ቀጥሎ ምልክቶች፣ የሾፌር ሥልጠና፣ የአውቶቡስ ቀበቶ።

ሊጉ ይቀጥል?

ቀብር እየተፈጸመ ሳለ ሊጉ መወሰን ነበረበት። ግማሽ ፍጻሜው አልተቋጨም። ኒፓዊን በሦስት ለአንድ መሪነት፣ ተጋጣሚ የሌለው ቡድን ሆኖ ቀረ። መሰረዝም መቀጠልም ደጋፊ ነበረው። ሊጉ ኒፓዊንን ወደ ፍጻሜ አሳልፎ ከኤስተቫን ብሩንስ ጋር የሚደረገው ምዕራፍ አፕሪል 14 እንዲጀመር ወሰነ፤ አደጋው ከደረሰ ስምንት ቀን ብቻ።

ውሳኔው ቸኮለ የሚሉ አሉ። በእኔ እይታ ልክ ነበር። የሚጫወቱት የ18 እና የ19 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ቤታቸው ተቀምጠው የሚያዝኑበት አዳራሽ የላቸውም፣ ያላቸው የልብስ መቀየሪያ ክፍልና ጓደኞቻቸው ናቸው። ደግሞም ለኒፓዊን ልጆች ዘመኑን መዝጋት ማለት ሊጠብቁት የነበረውን አውቶቡስ ብቻ እያሰቡ መክረም ማለት ነው። ኒፓዊን ዋንጫውን አነሳ። ማንም በዚያ ዋንጫ የተደሰተ እንደማንኛውም ዋንጫ አልተደሰተም፤ ቢሆንም ተጫውተው አሸንፈው ነው ያገኙት።

ሀገሪቱ በሞላ በዚያ ሳምንት የሆኪ ዱላ በራፏ ላይ አቆመች፤ ልጆቹ ወዲያ ማዶ ቢፈልጉት ብሎ አንድ ሰው ጀመረ፣ ተዛመተ። የትልቁ ሊግ ቡድኖች የዊኒፔግ ጄትስና የቺካጎ ተጫዋቾች በአደጋው ማግስት ሲገናኙ በማልያቸው ጀርባ የራሳቸው ስም ቀርቶ «ብሮንኮስ» ተጽፎ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ግን ዘላቂ ውጤት ያመጣው የአንድ ተጫዋች ውሳኔ ይመስለኛል። የ21 ዓመቱ ሎጋን ቡሌ ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት የአካል ክፍል ለጋሽ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር፤ አርአያው ከዓመት በፊት ሞቶ አካሉን የለገሰ የቀድሞ አሠልጣኙ ነው። የእሱ አካል ለስድስት ሰዎች ደረሰ። በተከታዮቹ ሳምንታት ከ100,000 በላይ ካናዳውያን ለጋሽነት ተመዘገቡ፤ አፕሪል 7 አሁን የአረንጓዴ ሸሚዝ ቀን ተብሎ በየዓመቱ ይታሰባል።

አሥራ አምስት ሚሊዮኑ

ስለ ገንዘቡ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ አስቸጋሪው ክፍል እሱ ነው። አንዲት የሃምቦልት ነዋሪ ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ የከፈተችው መዋጮ በሁለት ሳምንት ገደማ ከ15 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር አለፈ። ከ80 በላይ ሀገሮች ተዋጣ። ሰጪው ለማን እንደሰጠ ያውቃል፤ «ለተጎዱት» ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ስንት? ለሟች ቤተሰብ ይብዛ ወይስ ዕድሜውን ሙሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚኖረው? እጁ ተሰብሮ ለዳነውስ?

ሳስካቹዋን ለዚህ ዓይነት የሕዝብ መዋጮ ሕግ አላት፤ ገንዘቡ በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ሆነ። በኦገስት ለ29ኙም ለእያንዳንዳቸው 50,000 ዶላር ቀድሞ ተከፈለ። ከዚያም አማካሪ ኮሚቴ ቤተሰቦቹንና የተረፉትን አነጋገረ። በኖቬምበር መጨረሻ ዳኛው ያጸደቀው ክፍፍል እንዲህ ነበር፦ ለ16ቱ ሟች ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው በድምሩ 525,000፣ ለ13ቱ ለእያንዳንዳቸው በድምሩ 475,000። ሲደመር ከ14.5 ሚሊዮን ይበልጣል።

የሚያከራክረው በተረፉት መሐል ልዩነት አለመደረጉ ነው። ሽባ የሆነውም ወደ ሜዳ የተመለሰውም እኩል ወሰዱ። በመጀመሪያ እይታ ይህ ፍትሕ አይመስልም። ሌላውን መንገድ ግን ተከትሎ ማየት ነው፦ ጉዳትን በነጥብ ለመመደብ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሕክምና ምርመራ፣ ይግባኝ ያስፈልጋል፤ አንዱ የተረፈ ልጅ ከሌላው ይበልጥ ተጎድቻለሁ ብሎ በጓደኛው ላይ እንዲከራከር ይገደዳል። የአእምሮ ጉዳት ደግሞ በስድስት ወር አይታወቅም። በእነዚያ 13 ልጆች መሐል የነበረው ጓደኝነት ከሚድንባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ሆኖ ሳለ በገንዘብ እንዲፈርስ ማድረግ ኪሳራ ነበር። እኩል ማካፈሉ ፍጹም ባይሆንም ከቀረቡት ሁሉ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ለከባዱ ጉዳት የሚሆን ካሳ መፈለግ ያለበት ከሕዝብ ልግስና ሳይሆን ከኢንሹራንስና ከፍርድ ቤት ነው።

ቀጣዩ ዘመን

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 ሃምቦልት በኤልጋር ፒተርሰን አዳራሽ አዲሱን ዘመን ከፈተ። የተጋጣሚው ስም ኒፓዊን ሆክስ ነው፤ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር። ከአደጋው የተረፉ ሁለት ተጫዋቾች በማልያው ተሰለፉ። ሃምቦልት 2 ለ 1 ተሸነፈ። አዲሱ አሠልጣኝ በዲሴምበር መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። የወጣቶች ቡድን አሠልጣኝ በወትሮው የሚጨነቀው ስለ ማጥቃት መስመር ነው፤ እዚህ ግን ጨዋታው ሁሉ የሀገር ዓይን ያረፈበት፣ ልጆቹ የማያውቋቸውን ሰዎች ሐዘን ተሸክመው የሚጫወቱበት ነበር። ቡድኑ ያም ሆኖ ፕሌይኦፍ ገባ፣ በመጀመሪያው ዙር በኤስተቫን ተሰናበተ።

ደንቦቹ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። አልበርታ በማርች 2019 የግዴታ ሥልጠና ጀመረች፤ ሳስካቹዋን በዚያው ወር 15ኛው ቀን ላይ 121.5 ሰዓት አስገደደች። በ2020 የሁሉም ክፍለ ግዛቶች ዝቅተኛ መለኪያ 103.5 ሰዓት ሆኖ ወጣ። የሾፌሩን የሥራ ሰዓት በወረቀት ፋንታ መሣሪያ እንዲመዘግበው የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ በጁን 2021 ጸና፤ ሙሉ ቁጥጥሩ የተጀመረው ግን በጃንዋሪ 2023 ነው፣ አደጋው ከደረሰ አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል።

ቀበቶው የራሱ ታሪክ አለው። ዲሴምበር 30 ቀን 1986 የዚያው ክፍለ ግዛት ሌላ የወጣቶች ቡድን፣ ስዊፍት ከረንት ብሮንኮስ፣ አውቶቡሱ በበረዶ ተንሸራቶ አራት ተጫዋቾች ሞተውበት ነበር። ቡድኑ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1989 የካናዳ የወጣቶች ሆኪ ታላቁን ዋንጫ፣ የሜሞሪያል ዋንጫን፣ አነሳ፤ ታሪኩም በዚያ ተዘጋ፣ የቀበቶ ደንብ ግን አልወጣም። ለትላልቅ የመንገደኛ አውቶቡሶች ቀበቶ የሚያስገድደው የፌዴራል ደንብ የታተመው በ2018 አጋማሽ ነው፤ የጸናው ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ አውቶቡሶች ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ አውቶቡስ ቀበቶ እንዲገጠምለት ደንቡ አያስገድድም፤ የሚከራይ ቡድን ቀበቶ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ያለበት ራሱ ነው።